ከዐድዋ ቁስለኛ እስከ አበርገሌ ሕፃን፦ የሲቲ ስካን ምስል ግንባታና የጨረር መጠን ታሪክ



ንግግሬን የምጀምረው ከጦር ሜዳ ነው። ቪልሄልም ሮንትገን ራጅን ያገኘው እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1895 ነበር። አራት ወር ሳይሞላው፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.፣ የዐድዋ ጦርነት ሆነ። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር ጁዜፔ አልቫሮ የተባለ የጣሊያን የጦር ሐኪም ከኢትዮጵያ ቆስለው የተመለሱ ወታደሮችን ናፖሊ ላይ ራጅ አነሣ፤ በክንዳቸው ውስጥ የቀረውን ጥይት ለማግኘት። ራጅ ለጦር ቁስለኛ ከዋለባቸው የመጀመሪያ አጋጣሚዎች አንዱ ይህ ነው። በዐድዋ ዋግሹም ጓንጉል የዋግን ሰው አሰልፈው ነበርና፣ እኔ የዋግ ተወላጁ ይህን ባነበብኩ ቁጥር ፈገግ እላለሁ፤ ይቅርታ አድርጉልኝ።

ያ ራጅ የሚሰጠው ጥላን ብቻ ነበር፤ የፊቱ ከኋላው ጋር ተደራርቦ ይታያል። ከብዙ አቅጣጫ የተወሰዱ ጥላዎች የአንድን አካል ውስጥ መልሰው ሊሰጡ እንደሚችሉ ዮሐን ራዶን እ.ኤ.አ. በ1917 በሒሳብ አረጋገጠ። ሐሳቡን ወደ ሕክምና ካመጡት አንዱ የአህጉራችን ልጅ ነው። በጆሐንስበርግ የተወለደው አለን ኮርማክ በ1956 በኬፕ ታውን ግሩት ስኩር ሆስፒታል ሲሠራ ጥያቄውን አነሣ፤ መልሱን በ1963 እና በ1964 አሳተመ፤ ከቁብ የቆጠረው ግን ጥቂት ሰው ነበር። በእንግሊዝ ጎድፍሬይ ሐውንስፊልድ በራሱ መንገድ ወደዚያው ደረሰ። በመጀመሪያው የቤተ ሙከራ መሣሪያው አንድ ምስል ለማንሣት ዘጠኝ ቀን፣ ለማስላት ደግሞ ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጅቶበታል። በኦክቶበር 1 ቀን 1971 ለንደን በሚገኘው አትኪንሰን ሞርሊ ሆስፒታል የመጀመሪያዋ ታካሚ ተነሣች። ምስሉ ወደ ጎን 80፣ ወደ ታች 80 ነጥብ ነበረው። ሁለቱ ሰዎች በ1979 የኖቤል ሽልማትን ተካፈሉ።

እዚህ ላይ ቆም እንድትሉልኝ እፈልጋለሁ። የሐውንስፊልድ የመጀመሪያ ስሌት እየገመቱ የማረም ስልት ነበር፦ ምስሉን ይገምታል፣ ግምቱ ሊሰጥ የሚገባውን ጥላ ከተለካው ጋር ያስተያያል፣ ልዩነቱን ያርማል፣ ደግሞ ይጀምራል። ጎርደን፣ ቤንደርና ኸርማንም በ1970 ተመሳሳይ ስልት አሳትመው ነበር። የዘመኑ ኮምፒውተር ግን ዘገምተኛ ስለነበር ሌላ መንገድ አሸነፈ፤ እያንዳንዱን ጥላ አጣርቶ ወደ መጣበት አቅጣጫ መልሶ የሚዘረጋው ስልት። እርሱ ፈጣን ነው፤ አንድ ጊዜ ብቻ ያሰላል፤ ሦስት ዐሥርት ዓመታት ያህልም ገዛ።

ለፍጥነቱ የተከፈለው ዋጋ በታካሚው ላይ አረፈ። ጨረሩ ሲቀንስ ወደ መቁጠሪያው የሚደርሰው ፎቶን ያንሳል፤ ምስሉም አሸዋ የተነሰነሰበት ይመስላል። መጠኑን ወደ ሩብ ብናወርደው አሸዋው እጥፍ ይሆናል። ፈጣኑ ስልት ይህን የመለኪያ መዋዠቅ ከእውነተኛው አካል አይለይም፤ ስለዚህ ጥሩ ምስል የፈለገ ሁሉ ጨረር ይጨምር ነበር። ለአዋቂ አንድ የራስ ሲቲ ወደ 2 ሚሊሲቨርት ይጠጋል፤ የደረት ራጅ 0.1 እንኳ አይሞላም። ዴቪድ ብሬነርና ባልደረቦቹ በ2001 ስለ ሕፃናት ባሳተሙት ጽሑፍ ሕፃናት በአዋቂ መጠን መነሣታቸው በኋላ ዘመናቸው የካንሰር ስጋት እንደሚጨምር አስጠነቀቁ፤ ሙያው ደነገጠ።

ከ2009 ገደማ ጀምሮ የተጣለው ስልት ተመለሰ፤ ኮምፒውተሩ ደርሶበት ነበርና። ደጋግሞ የሚያርመው ስሌት የትኛው ልኬት ይበልጥ እንደሚታመን ስለሚያመዛዝን፣ በአነስተኛ ጨረር የጠራ ምስል ይሰጣል። ከ2019 ወዲህ ደግሞ ከብዙ ምስል የተማሩ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሥርዓቶች ተከትለዋል። እኔ ግን በጥንቃቄ ነው የምቀበለው፤ አሸዋውን የሚያለሰልስ ስሌት ከአካባቢው በጥቂቱ ብቻ የሚለይን ትንሽ ዕጢም አብሮ ሊያለሰልስ ይችላልና።

አሁን ወደ አበርገሌ ልመለስ። የእህቴ ልጅ በዘጠኝ ዓመቷ ፍየል ስትጠብቅ ከገደል ወደቀች። ከተከዜ በኩል ወደ ሰቆጣ፣ ከሰቆጣም ወደ ሩቅ ከተማ ተወሰደች። ራሷን ሲቲ ተነሣች። ወደ ሌላ ሆስፒታል ስትላክ አብሯት የሄደው ከብዙዎቹ ምስሎች ጥቂቱ የታተመበት ፊልም ብቻ ነበር፤ እዚያ ያለው ሐኪም አልበቃውም፤ እንደገና ተነሣች። እህቴ «ሁለተኛው ለምን አስፈለገ?» ብላ ጠየቀችኝ። የትኛውም ስሌት የዚያን ቀን ጨረር እንደ ቀድሞው ፋይል በቀላሉ ሊቀንስ አይችልም ነበር። ሐኪሙን አልወቅስም፤ በፊቱ የነበረው ሕፃን እንጂ ፋይል አልነበረም።

በአገራችን የጨረርና ኒውክሌር መከላከያ አዋጅ ቁጥር 1025/2009 ወጥቶልናል። እኔን የሚያሳስበኝ ከአዋጁ በፊት የሚመጣው የግዥ ሰነድ ነው። መሣሪያ ሲገዛ ስንት ቁራጭ በአንድ ዙር እንደሚያነሣ ይጠየቃል፤ ምስሉን በየትኛው ስልት እንደሚገነባ፣ የሕፃናት ቅንብር እንዳለው፣ ምስሉ ወደ ሌላ ሆስፒታል በምን እንደሚላክ ግን በዚያው ገጽ ላይ ሊሰፍር ይገባል። ይህን የምለው በተለይ ነገ የጨረታ ኮሚቴ ውስጥ ለምትቀመጡት ነው።

ልጅቱ ድናለች። ፊልሙን የያዙት ትልልቅ ፖስታዎች በእህቴ ቤት ግድግዳ ላይ፣ ከቅዱሳን ሥዕል በታች፣ ጎን ለጎን ተሰቅለዋል።