ውሃ በረዶ በማይሆንበት ሐረር አንቲፍሪዝ ምን ይሠራል?

ፈረስ መጋላ ለረጅም ዓመታት የፔጆ 404 ታክሲዎች መናኸሪያ እንደነበር የሐረር ልጅ ሁሉ ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ1960 ፈረንሳይ ውስጥ መመረት የጀመረችው ይቺ መኪና እኛ ጋ እስከ ዛሬ ትታያለች። ዛሬ የምናወራው ግን ኮፈኗ ተከፍቶ ስለምትታይበት ሰዓት ነው። ሞተሯ ሲፈላ።

"አንቲፍሪዝ" ማለት ውሃ በረዶ እንዳይሆን የሚከላከል ማለት ነው። ሐረር ውስጥ ራዲያተር በረዶ አይሠራም። ስለዚህ ብዙ ሰው "ምን ያደርግልኛል?" ብሎ የቧንቧ ውሃ ይሞላል። ስሙ ነው ያሳሳተን።

ሲሊንደር ውስጥ ነዳጅ ሲቃጠል ሙቀቱ ከ2,000 ዲግሪ ያልፋል። የ404 ቴስታ አሉሚኒየም ነው፤ አሉሚኒየም ደግሞ በ660 ዲግሪ ይቀልጣል። ቴስታውን የሚያተርፈው በውስጡ እየዞረ ሙቀቱን ወደ ራዲያተር የሚወስደው ፈሳሽ ነው።

አሁን የከፍታውን ነገር አስቡት። ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል ብለን የተማርነው ለባሕር ጠረፍ ነው። ሐረር ያለችው ከ1,800 ሜትር በላይ ስለሆነ እዚህ ውሃ ክፍት ድስት ላይ በ94 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ሞተር በጤናው ሲሠራ ደግሞ 90 ዲግሪ አካባቢ ነው። ተሳፋሪና ዕቃ ጭኖ ከድሬዳዋ የደንገጎን ዳገት በከባድ ማርሽ ለሚወጣ ሰው ይቺ ልዩነት ምንም አይደለችም።

ክፍተቱን የሚያሰፉት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንዱ የራዲያተሩ ክዳን ነው፤ እንደ ፕሬዠር ድስት ግፊት ይይዛል፣ በዘመናዊ መኪኖች የመፍያውን ነጥብ በ20 ዲግሪ ገደማ ከፍ ያደርጋል። ጎማው ያረጀ ክዳን ግን ግፊቱን ስለሚያስወጣ ወደ 94 ዲግሪያችን ይመልሰናል። ብዙ ሰው ክዳን ሳይፈትሽ ራዲያተር ማስጠገኑ ይገርመናል። ሁለተኛው ኩላንቱ ነው። ኤቲሊን ግላይኮል ከውሃ ጋር እኩል ለእኩል ሲደባለቅ የመፍያውን ነጥብ ወደ 7 ዲግሪ ያህል ይጨምራል። ብቻውን መሙላት ግን አይጠቅምም፤ ሙቀት በመሸከም ውሃ ይበልጠዋል።

ለእኛ ትልቁ ጥቅሙ ዝገት መከላከሉ ነው። የቧንቧ ውሃ ብረቱን ያዝጋል፣ አሉሚኒየሙን ይበላል፣ ማንቆርቆሪያ ውስጥ እንደምታዩት ነጭ ቅርፊት ራዲያተሩ ውስጥ ይጋግራል። ኩላንት ይህን የሚከለክሉ ኬሚካሎች አሉበት። እነሱም ያልቃሉ፤ እንደ ዓይነቱ ከ2 እስከ 5 ዓመት ባለው ጊዜ መቀየር አለበት። አረንጓዴ ወይም ቀይ መሆኑ ዓይነቱን አይነግራችሁም፣ የመኪናውን መመሪያ እዩ። ሲደባለቅ ዲስቲልድ ውሃ ይሁን። በነገራችን ላይ የኤሌክትሪክ መኪና የገዛችሁም ብዙዎቹ ባትሪያቸውን የሚያቀዘቅዙት በኩላንት ነውና አልዳናችሁም።

መንገድ ላይ ከፈላባችሁ ሞተሩን አጥፉ፣ ክዳኑን ግን አትንኩ። ግፊቱ ሲለቀቅ የፈላው ውሃ ፊት ላይ ነው የሚረጨው። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መድፋትም ቴስታ ይሰነጥቃል። በኋላ የሞተር ዘይቱ ማኪያቶ ከመሰለ የቴስታው ጋርኒሲዮን ተበልቷል ማለት ነው፣ አትንዱት።

አንድ ነገር ግን ከመኪናው በላይ ያሳስበናል፦ የተረፈ ኩላንት ሃይላንድ ውስጥ ማስቀመጥ። ኤቲሊን ግላይኮል ጣፋጭ ነው፣ መርዝም ነው። ቀለሙ ደግሞ ለስላሳ መጠጥ ይመስላል። የቀመሰ ልጅ መጀመሪያ እንደሰከረ ሰው ይሆናል፣ ከዚያ የተሻለው ሊመስል ይችላል፤ ኩላሊቱ የሚጎዳው ግን በኋላ ነው። ስለዚህ "ደህና ሆኗል" ብላችሁ አትጠብቁ። ሳታስመልሱት፣ የኩላንቱን ዕቃ ይዛችሁ ወዲያው ወደ ሆስፒታል ውሰዱት።