እሳት የማውጣት ቃላት፤ ከሰበቅ እስከ ክብሪት

መንገደኞች በዱር አድረው እሳት እንዳነደዱ የሚተርክ የድሮ የጕዞ ጽሑፍ ያጋጠመው ተርጓሚ «ክብሪት ጭረው እሳት ለኮሱ» ብሎ ቢያልፍ ማንም አይታዘበውም። ታሪኩ የተፈጸመው ከ1820ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በፊት ከሆነ ግን በመንገደኞቹ እጅ ያልነበረ ዕቃ አስያዛቸው ማለት ነው። ስለሆነም ከክብሪት በፊት የነበረው አማርኛ እሳትን በምን ቃላት ያወጣ እንደነበር መመልከቱ የመዝገበ ቃላት አዘጋጅንም ተርጓሚንም ይጠቅማል እንላለን።

ቀዳሚው ግስ «ሰበቀ» ነው። ጎኑ በጥቂቱ የተቦረቦረ ደረቅ እንጨት መሬት ላይ ተጋድሞ በእግር ይረገጣል፤ ሌላ ቀጥ ያለ በትር በቡርቡሩ ላይ ቆሞ በሁለት መዳፍ መካከል በፍጥነት ይሽከረከራል። ሰበቃው የሚያወጣው እንደ ዱቄት የላመ ብናኝ ይጠቁራል፤ ይጨሳል፤ በመጨረሻም ፍም ይሆናል። ልብ ሊባል የሚገባው፣ በዚህ ዘዴ የሚገኘው ነበልባል አይደለም። ፍሙ በደረቅ ሣር ተይዞ እፍ ሲሉበት ነው የሚያያዘው። ዛሬ «ሰበቀ» ሲባል የብዙ አንባቢ ጆሮ የሚሰማው ጦር መስበቅን ወይም ነገር መስበቅን ነው። እኛ ግን የነገር ሰባቂ ስም የመጣው ከጦሩ ይልቅ ከእሳቱ ነው ብለን እንገምታለን፤ ሁለቱን እስኪግሉ ድረስ ማፋተግ የሐሜተኛ ሥራ ነውና። ማስረጃችን የቃሉ አገባብ ብቻ መሆኑን አንሸሽግም።

ሁለተኛው መንገድ ባልጩትን ከብረት ማጋጨት ነው። የሚፈነጥቀው ፍንጣሪ ከድንጋዩ የወጣ ቢመስልም፣ ባልጩቱ ከብረቱ ልጦ ያወጣው፣ በግጭቱ ግሎ በአየር ውስጥ የሚነድ የብረት ቅንጣት ነው። የዚህ ዘዴ ግስ «ጫረ» ነው። ዶሮ መሬት ስትጭር የምንለው ይኸው ቃል ከባልጩት ወደ ክብሪት ያለ ችግር ተሻገረ። ነገር ግን «እሳት ልጫር መጣሁ» የምትል ጎረቤት ባልጩትም ክብሪትም አልያዘችም፤ የመጣችው ፍም ልትወስድ ነው። ይህ አገባብ ትልቅ ነገር ይነግረናል፤ ይኸውም እሳት ዘወትር የሚወጣ ሳይሆን የሚጠበቅና የሚዋዋሱት ነገር እንደነበረ ነው። ሌሊት በአመድ ተዳፍኖ ያደረው ረመጥ ጧት ይቆሰቆሳል። ጠብ ጫሪ፣ ነገር ቆስቋሽ፣ የተዳፈነ ጉዳይ የሚሉት አነጋገሮች ሁሉ ከዚህ ምድጃ የወጡ ናቸው፤ የፖለቲካ ተርጓሚዎችም «ጠብ ጫሪ»ን ሲይዙ ያገኙት ተዘጋጅቶ የቆየ ቃል ነው።

«ክብሪት» ከዐረብኛ የመጣ ሲሆን በዚያ ቋንቋ የማዕድኑም የእንጨቱም ስም ነው። ማዕድኑን እኛ «ድኝ» ወይም «ዲን» ስለምንለው በአማርኛ የቀረው የእንጨቱ ስም ብቻ ሆነ። ሌሎችም እንዲሁ አድርገዋል፤ የጣሊያንኛው ዞልፋኔሎ ከዞልፎ፣ የዕብራይስጡ ጋፍሩር ከጎፍሪት የወጡ ናቸው፤ ሁለቱም ሥሮች ድኝ ማለት ናቸው። በፍትጊያ የሚነደውን ክብሪት እንግሊዛዊው ጆን ዎከር በ1827 (እ.ኤ.አ.) ለሽያጭ አቀረበ፤ በሣጥኑ ጎን ብቻ የሚጫረው ደግሞ በስዊድናዊው ጉስታፍ ኤሪክ ፓሽ በ1844 (እ.ኤ.አ.) ታወቀ።

በሰፈር ለሚያድሩ የሚነደውን እሳት በተመለከተ ተርጓሚዎች «የካምፕ እሳት» ሲሉ እንሰማለን። «ደመራ» በዓሉን ያመጣል፤ «ምድጃ» ቤት ያስገባል፤ ስለዚህ ሁለቱም አይስማሙም። «ሰፈር» ግን ከመነሻው «ሰፈረ» ከሚለው ግስ የወጣ፣ ሠራዊትና ጓዝ የሚያርፍበት ቦታ ስም ነው። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ ቃሉ የከተማ ክፍል መጠሪያ በመሆኑ ዛሬ «የሰፈር እሳት» ቢባል አንባቢ የጎረቤት ቃጠሎ ሊመስለው ይችላል። ይህን ስለምንፈራ «የሰፈረተኞች እሳት» ወይም፣ እንደ አገባቡ፣ «የመንገደኞች እሳት» ቢባል እንመርጣለን።

ለመዝገበ ቃላት አዘጋጆች የምናቀርበው ጥያቄ ግን ከዚህ የጠበቀ ነው። በ«ሰበቀ» ሥር የእሳቱ ፍች ከሐሜቱ በፊት ይግባ፤ በትሩና የተጋደመው እንጨትም በየአካባቢው የተሰጣቸው ስም፣ ሰብቀው የሚያውቁ አዛውንት በሕይወት ሳሉ ተጠይቆ ይመዝገብ።