የእናቶቻችን ዘር



በመካነ ሰላም ዙሪያ በየቤቱ የማይነካ እህል አለ፤ የዘር እህል። ደጋው ላይ ገብስና ባቄላ፣ ወደ ዓባይ በረሃ ሲወረድ ማሽላ ይዘራል። እናቶቻችን ከማሽላው ራሱ የሞላውን፣ ወፍ ያልነካውን መርጠው ለዘር ያስቀራሉ፤ ከምድጃው በላይ ጢስ በሚያገኘው ቦታም ይሰቅሉታል። ባቄላውን በሰፌድ አንገዋልለው፣ የተነቀዘውን ለቅመው፣ ከአመድ ጋር ያስቀምጡታል። ይህን ግን ማንም እውቀት ብሎ አልጻፈላቸውም።

በቻይና ተጽፏል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1ኛው መቶ ዓመት ፋን ሸንግዢ የተባለ የእርሻ አዋቂ፣ ትልልቅና ጠንካራ የስንዴ ዛላ ለዘር ተመርጦ በጣም እንዲደርቅ፣ ከዚያም ከአሪቲ ዘመድ ደረቅ ቅጠል ጋር እንዲቀመጥ መክሯል። በ6ኛው መቶ ዓመት ደግሞ ጂያ ሲሺዬ፣ መልኩ ያልተደባለቀ የእህል ራስ በየዓመቱ ተመርጦ ከፍ ብሎ እንዲሰቀልና ለብቻው እንዲዘራ ጻፈ። ከእናቶቻችን ሥራ ጋር አንድ ነው። ማንም ከማንም አልተማረም፤ ሁሉንም ያስተማራቸው ነቀዝና እርጥበት ነው።

የእኛን እህል ዓለም ዘግይቶም ቢሆን አይቶታል። ሩሲያዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ኒኮላይ ቫቪሎቭ እ.ኤ.አ. በ1927 አገራችን መጥቶ ዘር ሰበሰበ፤ ኢትዮጵያንም ከዓለም የሰብል መነሻዎች አንዷ አላት። እ.ኤ.አ. በ1976 የዘር ባንክ በአዲስ አበባ ተቋቋመ።

በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ወሎን ሲመታ ግን ብዙ ቤት ዘሩን በላ። አንፈርድም፤ ልጅ እየተራበ ዘር አይጠበቅም። ነገር ግን ዝናቡ ሲመለስ የሚዘራው ጠፋ። የዘር ባንኩ ኃላፊ የነበሩት ዶክተር መላኩ ወረደ ከባልደረቦቻቸው ጋር የአገሩን ዘር ከመጥፋት ለማዳን፣ ወደ ገበሬውም ማሳ ለመመለስ ደከሙ። ለዚህም እ.ኤ.አ. በ1989 «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኙ። እሳቸው ዘር ጠባቂው ገበሬው ራሱ ነው ይሉ ነበር። እኛ ደግሞ በገበሬው ቤት ውስጥ የማን እጅ እንደሆነ እናውቃለን።

ዛሬም ዘር ያጣች ሴት በሰኔ በአራጣ ትበደራለች፤ በኅዳር አጭዳ ለአበዳሪው ታስረክባለች። ስለዚህ ከቁጠባ ሣጥናችን ጎን የዘር ጎታ እናስቀምጥ እንላለን። እያንዳንዳችን ከጥሩው እህላችን አንድ ጣሳ እናምጣ። የተበደረች ከአጨዳ በኋላ በጣሳዋ ላይ እፍኝ ጨምራ ትመልስ። በመዝገቡም የእህሉን ስም፣ የመጣበትን ቀበሌና ያቆየችውን ሴት ስም እንጻፍ።

ያኔ የእኛም እናቶች እውቀት ተጽፎ ይቀመጣል።