ምልክቱ በጌት፣ ቁጥጥሩ በቦዲ፦ በ0.5 ቮልት ለሚሠሩ ማጣሪያዎችና ኦሲሌተሮች የማጉያ አመራረጥ

ትራንዚስተር ከትሬሾልድ ቮልቴጁ በታች ሆኖም ለአናሎግ ሥራ እንደሚበቃ ቪቶዝና ፌልራት እ.ኤ.አ. በ1977 አሳይተዋል። በዚህ ላይ ክርክር የለኝም።

ክርክሬ ብላሎክ፣ አለንና ሪንኮን-ሞራ በ1998 ካቀረቡት መንገድ ጋር ነው። ምልክቱ በጌት ፈንታ በቦዲ ከገባ ትሬሾልዱ እንቅፋት መሆኑ ይቀራል፤ በተራ ዲጂታል ሲሞስም የ1 ቮልት ማጉያ ይሠራል። ይህ ትክክል ነው። መንገዱን ተከትለው ወደ 0.5 ቮልት የወረዱት ግን ዋጋውን በሚገባ ያሰሉት አይመስለኝም።

እናስላው። በክፍል ሙቀት፣ 1 ማይክሮ አምፒር የሚያልፍበትና ስሎፕ ፋክተሩ 1.3 የሆነ ትራንዚስተር በጌቱ በኩል ወደ 30 ማይክሮ ሲመንስ ትራንስኮንዳክታንስ ይሰጣል፤ በቦዲው በኩል 9 ብቻ። 10 ፒኮ ፋራድ ካፓሲተር ሲነዳ የማጣሪያው መቁረጫ ፍሪኩዌንሲ በጌት 470 ኪሎ ኸርዝ ገደማ ሲሆን በቦዲ ወደ 140 ይወርዳል። የቻናሉ ኖይዝ ወደ ግቤቱ ተመልሶ ሲሰላም ኃይሉ 11 እጥፍ ያድጋል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ያው ከረንት እየፈሰሰ ነው።

በቺፕ ላይ የተለካውም ከስሌቱ አይርቅም። ቻተርጂ፣ ጺቪዲስና ኪንጌት በ2005 ሁለቱንም ዓይነት ማጉያ በ0.18 ማይክሮ ሜትር ሲሞስ በ0.5 ቮልት ሠሩ። የቦዲው 110 ማይክሮ ዋት ወስዶ 2.5 ሜጋ ኸርዝ የጌይን-ባንድዊድዝ ሲሰጥ፣ የጌቱ በ75 ማይክሮ ዋት 10 ሜጋ ኸርዝ ሰጠ። ለ135 ኪሎ ኸርዙ ባለ አምስተኛ ደረጃ ኤሊፕቲክ ማጣሪያቸው የመረጡትም የጌቱን ነው። ቦዲን ለምልክት የሚመክሩ ሰዎች ለዚህ ምርጫ መልስ ሊሰጡ ይገባል።

ከቦዲ ግቤት የተሻለው መነሻ የብራም ናውታ የ1992 ጽሑፍ ነው። ማጣሪያው እስከ 98 ሜጋ ኸርዝ ስለደረሰ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠቀሰው ለፍጥነቱ ነው፤ እኔ ግን የዝቅተኛ ቮልቴጅ ጽሑፍ አድርጌ አነበዋለሁ። የናውታ ማጉያ የተሠራው ከስድስት ኢንቨርተሮች ነው፤ ኢንቨርተር ደግሞ ከአቅርቦቱ እስከ መሬት ሁለት ትራንዚስተር ብቻ አለው። ግቤቱና ውጤቱ 0.25 ቮልት ላይ ሲቆሙ ለእያንዳንዱ 250 ሚሊ ቮልት ይደርሰዋል፤ ከትሬሾልድ በታች ለሳቹሬሽን ግን 100 ገደማ ይበቃል። ሁለቱ አንዱን ከረንት ስለሚጋሩ ትራንስኮንዳክታንሳቸው ተደምሮ ወደ 60 ማይክሮ ሲመንስ ይጠጋል። ከስድስቱ ኢንቨርተሮች አራቱ ጭነት ናቸው፦ ለጋራው ምልክት ይደማመራሉ፣ ለልዩነቱ ምልክት ይቀናነሳሉ። ቀሪው ኮንዳክታንስ ዜሮ አጠገብ ከሆነ ለማጣሪያ የሚሆን ኢንቴግሬተር ይገኛል፤ በጥቂቱ ኔጌቲቭ ከተደረገ ደግሞ ሁለት ኢንቴግሬተሮች ተያይዘው ኦሲሌተር ይሆናሉ።

የኢንቨርተር ከረንት በሙቀትና በአቅርቦት ክፉኛ ይዋዥቃል የሚል ተቃውሞ ይነሣል። ቦዲው የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው፤ ለምልክት የደከመው 9 ማይክሮ ሲመንስ ለዝግተኛ ቁጥጥር ከበቂ በላይ ነው። በ0.5 ቮልት አቅርቦት የቦዲው ጀንክሽን ወደፊት ቢገፋም የሚያሰጋ ከረንት አያሳልፍም። የኤን-ሞሱን ቦዲ ለብቻው ለመቆጣጠር ትሪፕል ዌል ያስፈልጋል ለሚሉም፣ ዛሬ ብዙ ፋብሪካዎች ያቀርቡታል።

ድምዳሜዬ ለማጣሪያና ለኦሲሌተር የተወሰነ መሆኑን አልክድም። ግቤቱ ከመሬት እስከ አቅርቦት መወዛወዝ ላለበት በፈር የቦዲ ግቤት አሁንም ቦታ አለው።