የጅብ ጥላ

ክረምት ሲገባ ከአሮጌ አጥርና ከበሰበሰ ግንድ ሥር ነጭ ነገር ብቅ ይላል። ያገሬ ሰው «የጅብ ጥላ» ይለዋል። ጉድ እኮ ነው! ማን ነው ከጅብ ጋር የሚጠለል? «እንጉዳይ» ሲሉት ወጥ ወጥ ይሸተኛል፤ «የጅብ ጥላ» ሲሉት እጄን እሰበስባለሁ።

ስሙ ግን የትኛው እንደሚገድል አይለይም። ፈረንጆች «የሞት ቆብ» የሚሉት አማኒታ ፋሎይደስ ቢቀቀልም መርዙ አይለቅም። የበላው ሰው ስድስት ሰዓትና ከዚያም በላይ ደህና ነው፤ ከዚያ ትውከትና ተቅማጥ፤ ቀጥሎ የተሻለው ይመስላል። ጉበቱ የሚያልቀው ያኔ ነው።

ካሊፎርኒያ ውስጥ ይህ ገዳይ የአገሩ ነው ወይስ መጤ የሚለው ጥያቄ የተፈታው በሙዚየም በተቀመጡ ደረቅ ናሙናዎች ነው። አን ፕሪንግልና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ጥናት መጤ መሆኑን አሳዩ። ከቀደሙት የካሊፎርኒያ መዝገቦች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1938 ሞንቴሬይ ከሚገኝ ሆቴል ግቢ የተለቀመ ነው። እንጉዳዩ ከዛፍ ሥር ጋር ተቆራኝቶ ስለሚኖር፣ ከነአፈሩ በተጓጓዘ ችግኝ ተሳፍሮ ሊሻገር ይችላል።

እኛስ? ብሔራዊው የዕፅዋት ቤተ መዘክር አራት ኪሎ፣ እዚሁ አራዳ ውስጥ ነው። የኢትዮጵያና የኤርትራ ፍሎራ የተባለው ታላቅ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1980 ተጀምሮ በ2009 ስምንት ቅጽ ሆኖ ተጠናቀቀ። እንጉዳይ ግን የለበትም፤ ዕፅ አይደለማ! ሊቃውንቱን አልወቅስም፣ የያዙትም በዝቶባቸው ነበር። እንጉዳይ የራሱ ዓለም ነው፣ የራሱን መዝገብ ይፈልጋል።

እ.ኤ.አ. በ2024 የፒያሳ አሮጌ ሰፈሮች ፈረሱ። ቤቱን ፎቶ ያነሣ ሰው ሞልቷል። ከጓሮው ዛፍ ሥር በየክረምቱ ምን ይበቅል እንደነበር ግን ፎቶ ብቻውን አይናገርም። የደረቀ እንጉዳይ መልኩ ይጠፋል፤ ቀለሙን፣ ሽታውን፣ የዛፉን ስም፣ ቀኑንና ሰፈሩን እርጥብ ሳለ የጻፈ ሰው ያስፈልገዋል። እርሳስና ፖስታ በቂ ነው።

ወረቀትም ቢሆን ይነዳል። ጀርመናዊው ሺምፐር እ.ኤ.አ. ከ1837 ጀምሮ በትግራይና በሰሜን ተራሮች ዕፅ ሲለቅም ኖረ። የበርሊኑ ቤተ መዘክር እ.ኤ.አ. በ1943 በቦምብ ሲቃጠል የእሱም ልቃሚ አብሮ ነደደ። ደግነቱ ከአንዱ ዕፅ ብዙ ቅጂ ለየአገሩ ይላክ ነበር፤ ፓሪስና ሎንዶን ያሉት ተረፉ። የአራዳ የጅብ ጥላም ሁለት ፖስታ ይኑረው ባይ ነኝ፤ አንዱ አራት ኪሎ፣ ሌላው ከአራዳ ራቅ ብሎ።