የታሰረውን ብርሃን የመልቀቅ ጥበብ

ብርሃን በቀጥታ መስመር እንደሚጓዝ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ በጎባጣ መንገድም ሊመራ እንደሚችል ስዊሳዊው የፊዚክስ ሊቅ ዳንኤል ኮላዶን እ.ኤ.አ. በ1841 በጄኔቫ አሳየ። ከቀዳዳ በሚፈስ ውሃ ውስጥ የተላከው ብርሃን ከውሃው ሳይወጣ አብሮት ጎብጦ ወረደ። ጆን ቲንዳል ተመሳሳዩን ሙከራ በ1854 በለንደን ስላሳየ፣ የመጀመሪያነቱ ክብር ለብዙ ዘመን ለእርሱ ሲሰጥ ኖሯል።

የነገሩ ምስጢር እንዲህ ነው። ብርሃን ከጥቅጥቅ አካል ወደ አየር ሊወጣ ሲል፣ ለገጹ ቀጥ ብሎ ከቆመው መስመር ጋር የሚሠራው ማእዘን ከተወሰነ ልክ ከበለጠ በሙሉ ወደ ውስጥ ይመለሳል። የስብረት መጠኑ 1.49 በሆነው አክሪሊክ ይህ ልክ 42 ዲግሪ ያህል ነው።

እ.ኤ.አ. በ1968 አር.ሲ.ኤ. የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ይፋ ያደረገው የፈሳሽ ክሪስታል ማሳያ በራሱ ብርሃን አይሰጥም። ስለዚህ በኋላ ዘመን ለተሠሩት ሰፋፊ ማሳያዎች ከበስተኋላ የሚያበራ መሣሪያ አስፈለገ። መብራቱ በአክሪሊክ ሰሌዳ ጠርዝ ሲቀመጥ ማሳያው ይሳሳል፤ ዳሩ ግን ብርሃኑ በሰሌዳው ውስጥ ታስሮ ይቀራል። ችግሩ እንግዲህ ከኮላዶን ጥያቄ ተገለበጠ፤ ብርሃኑን መያዝ ሳይሆን በሁሉም ስፍራ እኩል አድርጎ መልቀቅ ሆነ። ለዚህም በሰሌዳው ጀርባ ነጫጭ ነጠብጣቦች ታተሙ፤ ቆይቶም ጥቃቅን ጉድጓዶች በቅርጽ ማውጫ ተቀረጹ። በመብራቱ አጠገብ ብርሃን ስለሚበዛ ነጠብጣቦቹ ይሳሳሉ፤ እየራቀ ሲሄድ ይጠጋጋሉ።

የአደራደሩ ስሌት ግን ቀላል አይደለም። በአንድ ስፍራ ነጠብጣብ ቢጨመር፣ በዚያ የወጣው ብርሃን ከወዲያኛው ስፍራ ድርሻ ይቀነሳል። በመሆኑም አንዱን ክፍል ለብቻው ማረም አይቻልም፤ መላውን ሰሌዳ ደጋግሞ ማስላት ግድ ነው። የነጠብጣቦቹ ብዛት እጅግ ከፍተኛ ስለሆነ፣ የኮምፒዩተር ፕሮግራሙ እያንዳንዱን ለየብቻ ከመሣል ይልቅ መጠናቸውንና ርቀታቸውን በቦታ በሚለዋወጥ ደንብ ይገልጻል።

የጨረሮቹን ዕጣ ለመከታተል የሚያገለግለው ሜትሮፖሊስና ኡላም እ.ኤ.አ. በ1949 በጽሑፍ ያብራሩት የሞንቴ ካርሎ ዘዴ ነው። ጨረሩ ነጠብጣብ በነካ ቁጥር የሚሄድበት አቅጣጫ በዕድል ይወሰናል። የውጤቱን መዋዠቅ በግማሽ ለመቀነስ የጨረሮቹን ቁጥር አራት እጥፍ ማድረግ ያስፈልጋል፤ ጥራት በጊዜ ይገዛል ማለት ነው።

የጨረሮች መብዛት ግን የመረጃን ስሕተት አያርምም። የቀለሙ በታኝነት በመለኪያ ሳይረጋገጥ በግምት ከገባ፣ ስሌቱ ያለ መዋዠቅ የተሳሳተ መልስ ይሰጣል፤ ጉድለቱም የሚገለጠው ቅርጽ ማውጫው ብዙ ገንዘብ ወጥቶበት ከተሠራ በኋላ ይሆናል። ስለዚህ ኮምፒዩተር የመሐንዲሱን ድካም ቢያቃልልም፣ ከመለካት ግዴታው አያወጣውም።