የሰባት ዶላር ምጽዋት



በሰው አገር ለፍታችሁ ካገኛችሁት ላይ ቀንሳችሁ ምጽዋት ስትሰጡ፣ «ይህች ጥቂት ገንዘብ ምን ትፈይዳለች?» የሚል ሐሳብ ሳይመጣባችሁ አይቀርም። ለተራበ የተቆረሰ እንጀራ ጥቅሙ ወዲያው ይታያል። ገና ላልተገኘ ፈውስ ፍለጋ የተሰጠ ገንዘብ ግን ፍሬው በዓመታት የሚደርስ ነው፤ ሰጪው ሳያየው ሊያልፍም ይችላል። የዚህን ዓይነቱን ምጽዋት ታሪክ ከአንድ የስደተኞች ልጅ ሕይወት እንመልከት።

ዳኒ ቶማስ እ.ኤ.አ. በ1912 በአሜሪካ፣ በሚቺጋን ግዛት ተወለደ። ወላጆቹ ከሊባኖስ ተራሮች፣ ከብሻሪ የተሰደዱ ማሮናውያን ካቶሊኮች ነበሩ። በወጣትነቱ በቀልደኛነት ኑሮውን ለመግፋት ሲታገል ሚስቱ የመጀመሪያ ልጃቸውን ፀንሳ ነበር። እርሱ ይተርከው እንደነበረው፣ በዲትሮይት በአንድ ቤተ ክርስቲያን የቀረችውን ሰባት ዶላር በሙዳየ ምጽዋት ጨመረ። ተስፋ የቆረጡ ሰዎች አማላጅ ወደሆነው ወደ ሐዋርያው ቅዱስ ይሁዳ ታዴዎስም ጸለየ፤ የሕይወቱን መንገድ ቢያሳየው መታሰቢያ ሊሠራለት ተሳለ።

ዝናና ሀብት ባገኘ ጊዜ ስእለቱን አልረሳም። በቺካጎው ሊቀ ጳጳስ በካርዲናል ሳሙኤል ስትሪች ምክር፣ መታሰቢያው በሜምፊስ ከተማ የሕፃናት ሆስፒታል እንዲሆን ወሰነ። እ.ኤ.አ. በ1957 ሊባኖሳውያንና ሶርያውያን ወገኖቹን አሰባስቦ የበጎ አድራጎት ማኅበር አቋቋመ፤ ወላጆቻቸውን የተቀበለችውን አገር በዚህ ሥራ ያመሰግኗት ዘንድ ጠየቃቸው።

የቅዱስ ይሁዳ ሆስፒታል የካቲት 1962 እ.ኤ.አ. ተከፈተ። ነጭና ጥቁር ተለያይቶ በሚታከምበት በዚያ ዘመን ሕፃናቱን ያለ ልዩነት ተቀበለ፤ ከወላጆችም ክፍያ አልጠየቀም። በጊዜው ሊምፎብላስቲክ ሉኪሚያ በተባለው የደም ካንሰር ከተያዙ 100 ሕፃናት በሕይወት የሚተርፉት አራት ያህል ብቻ ነበሩ። በሽታው በአንድ መድኃኒት ለጥቂት ጊዜ ጋብ ይልና ያገረሽ ነበር። ብዙ ሐኪሞችም ፈውስ ሊገኝለት እንደማይችል ያምኑ ነበር።

የሆስፒታሉ የመጀመሪያ ዳይሬክተር ዶክተር ዶናልድ ፒንከል ግን ብዙ መድኃኒቶችን አጣምረው መስጠትን፣ በአንጎልና በአከርካሪ ዙሪያ የሚደበቀውንም በሽታ አብረው ማከምን ሞከሩ። እያንዳንዱ ሙከራ ለሚቀጥለው ትምህርት ሆነ፤ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ግማሽ ያህሉ ሕፃናት የሚድኑበት ደረጃ ተደረሰ። ዛሬ ተገቢውን ሕክምና ካገኙት 100 ሕፃናት ከ90 በላይ የሚሆኑት ይድናሉ። ግኝቱም ለሌሎች ሐኪሞች በነፃ ተሰራጨ።

ልብ በሉ፤ የመጀመሪያዎቹ ለጋሾች የሰጡት፣ ሕክምና ሊያድናቸው ላልቻለ ሕፃናት ነበር። ከእነዚያ ሕፃናት ብዙዎቹ አልዳኑም። ነገር ግን በእነርሱ ሕመም የተገኘው ዕውቀት ከእነርሱ በኋላ የመጡትን አተረፈ። የምርምር ምጽዋት እንዲህ ነው፤ የዛሬውን ሐዘን ባያስቀር እንኳ የነገውን ይቀንሳል።

እ.ኤ.አ. በ2002 ደግሞ ከዚሁ ሆስፒታል ጋር የተቆራኘ የሕፃናት የካንሰር ማዕከል በቤሩት ተከፈተ። እርሱም ሕፃናትን የሚያክመው በለጋሾች እርዳታ ነው። ከብሻሪ የተሰደዱት ሰዎች ልጅ የጀመረው ሥራ ወደ ወላጆቹ አገር ተመለሰ።

እንግዲህ የምትሰጧትን ጥቂት ገንዘብ አትናቋት። ለታመሙትና ሌሊቱን በላቦራቶሪ ለሚያነጉት ተመራማሪዎችም በጸሎታችሁ አስቡ።